አያ ጅቦን በኪሮሽ ሠርቼ ውሻ ሆነብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ልቃቂት (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ) | እሑድ ከቀኑ 9፡20

ጤና ይስጥልኝ፣ የእጅ ሥራ ወዳጆች።

በሰፈራችን ላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ብርድ ልብስ እየሠራን ነው። ልጆቹ ተረት ሲነበብላቸው ተኮልኩለው የሚቀመጡበት ጥግ አለ፤ እዚያ ጉልበታቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ነው። እያንዳንዳችን 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ በኪሮሽ እንሠራለን፤ በየካሬው ላይ አንድ የተረት ባለታሪክ ይወጣል። አምስት ካሬ ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች፣ በድምሩ 30 ማለት ነው። እመት ጦጢት ተይዛለች፣ አያ አንበሶ ተይዟል፣ ኤሊም ባለቤት አግኝታለች፣ ጥንቸልን ደግሞ ሁለት ሰዎች ይዘው አንለቅም ብለዋል። ለእኔ የደረሰኝ አያ ጅቦ ነው።

ካሬ ወረቀት ላይ ነድፌ በአጭር ዓይን (ዓይን የምንለው አንዷን የኪሮሽ ስፌት ነው፤ አጭር ስል ክሩን አውጥቶ ኪሮሹ ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች በአንድ ስበት የሚያሳልፈውን ማለቴ ነው) 40 ዓይን በ40 ረድፍ አድርጌ ሠራሁት። መደቡ ሰማያዊ፣ ገላው ቡናማ፣ ነጠብጣቡ ጥቁር። ሲያልቅ ለጎረቤቴ የአምስት ዓመት ልጅ ባሳየው «ውሻ!» አለ። ደህና አድርገህ እየው ብለው «የታመመ ውሻ» አለኝ።

እውነትም ድብልብል ብሎ አጥሯል፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ አልነበረም። ከጀርባው ያለውን የክር ትብትብ ደግሞ ባታዩት ይሻላል። የፊቱን ፎቶ ከሥር አያይዣለሁ። ሌሊት ሲጮኽ እየሰማ ያደገ ልጅ ሲያየው «አያ ጅቦ!» እንዲል ምን ላድርግ?

---

የዳንቴል እናት | እሑድ ከምሽቱ 1፡05

ልቃቂት ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይህን ሁሉ ቀለም ምን አመጣው? እኛ ሬዲዮኑንም ሶፋውንም የረከቦቱን ጠርዝ ሳይቀር በዳንቴል ስናለብስ፣ ጣዎሱም አበባውም የሚወጣው ከአንድ ነጭ ክር ነበር። ወረቀቱ ላይ የተቀለመው ቤት ሙሉ ነው፣ ያልተቀለመው ባዶ ነው፤ በቃ። አንድ ረጅም ዓይን፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና አንድ ረጅም ዓይን፤ ይህ ባዶ ቤት ነው። በሁለቱ ሰንሰለት ፋንታ ሁለት ረጅም ዓይን ስታስገቢበት ሙሉ ቤት ይሆናል። ጅቡ በጥላው ብቻ ይወጣል። ጥላው በትክክል ከወጣ ደግሞ ማንም አይስተውም። ከኋላ የሚንጠለጠል የለ፣ የሚጠላለፍ የለ፣ በየረድፉ ክር መቁረጥ የለ።

የዛሬ ልጆች ቀለም ስታዩ ልባችሁ ይጠፋል።

---

ጀማሪዋ | እሑድ ከምሽቱ 1፡40

እትዬ፣ የልጆቹ ጣት በባዶው ቤት አይገባም?

---

የክር ነገር | እሑድ ከምሽቱ 1፡52

ይገባል። የእግራቸውም ጣት ይገባል።

---

የዳንቴል እናት | እሑድ ከምሽቱ 2፡15

ገበር ይደረግለታ! ከሥሩ አቡጀዲ ቢሰፋበት ምን ይለዋል? ለነገሩ ሥራው የእናንተ ነው፤ እኔ የማውቀውን ተናገርሁ።

---

የሒሳብ መምህር | ሰኞ ከጠዋቱ 3፡30

ከኪሮሽ ጋር ያለኝ ትውውቅ ባለቤቴ ዓይን ስትቆጥር እንዳላናግራት ከመጠንቀቅ አያልፍም። የጅቡ ማጠር ግን የሒሳብ ጥያቄ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ።

ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። የወረቀቱ ቤት ቁመቱና ስፋቱ እኩል ነው፤ አጭሩ ዓይን ግን ስፋቱ ከቁመቱ በጥቂቱ ይበልጣል። የባለቤቴን ሥራ በማስመሪያ ለካሁት፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 20 ዓይን፣ ወደ ላይ 24 ረድፍ አለው። በዚህ ልክ 40 ዓይን ወደ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 40 ረድፍ ግን 16.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል ማለት ነው። ካሬው እውነተኛ ካሬ እንዲሆን 48 ረድፍ ያስፈልገዋል።

ንድፉን ደግሞ እያንዳንዱ ቤት 6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ወረቀት ላይ ይሳሉት። 40 ቤት በ6 ቢባዛ 240፣ 48 ቤት በ5 ቢባዛም 240፤ 24 በ24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንድፍ ይወጣል። እዚያ ላይ ጅብ የሚመስለው ክሩም ላይ ጅብ ይመስላል። በኮምፒውተር የሚነድፍ ሰው የኤክሴልን ቤቶች በዚሁ ምጣኔ ማስተካከል ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰው እጅ ይለያያል፤ አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። ሁሉም ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መዳፍ የሚያህል ናሙና ሠርቶ መሐሉን ይለካ፤ ጫፉ ያታልላል። አንድ ካሬ 1,920 ዓይን ነው፣ ሠላሳው 57,600 ይሆናል። ያን ሁሉ ሠርቶ አንዱ ካሬ 18፣ ሌላው 22 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መገኘት ያሳዝናል።

---

ልቃቂት | ሰኞ ከቀኑ 6፡10

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የእኔን ለካሁት፤ 20 በ24 ነው፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት። ለካስ ድብልብሉ ከዚህ ኖሯል። ባለቤትዎንም እጅ ንሡልኝ።

እትዬ የዳንቴል እናት፣ አይቆጡ። ለሳሎን ቢሆን እርስዎ ያሉትን ነበር የማደርገው።

---

ብሩሽና ቀለም (ዘጌ) | ሰኞ ከምሽቱ 2፡30

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ቁመቱ ቢስተካከልም ውሻነቱ አይለቀውም፤ ምክንያቱም ጆሮው የውሻ ነው።

ልጆቹ ሌሊት ሌሊት ድምፁን የሚሰሙት ጅብ ነጠብጣብ ያለበት ነው። የእሱ ጆሮ ክብ ነው። ሹል ጆሮ ያለው ባለ መስመሩ ጅብ ነው፤ እሱ ደግሞ ጀርባው ላይ ጋማ አለው፣ ነጠብጣብ የለውም። አንቺ የአንዱን ጆሮ ከሌላው ቆዳ ጋር አጋብተሻል። የሠራሽው ጆሮ ከላይ 1 ዓይን፣ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 5 እያለ የሚሰፋ ሦስት ማዕዘን ነው። እሱን አጥፊና ከላይ በ3 ጀምሪ፤ ከሥሩ 5፣ 5፣ 5 አድርጊው። ራሱ ላይ የተቀመጠ ጉብታ ይሆናል። ይህን ብቻ ብትለውጪ እንኳ ልጁ «ውሻ» ከማለቱ በፊት ቆም ይላል።

ዋናው ግን ጀርባው ነው። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይረዝማል፤ ስለዚህ ጀርባው ከትከሻው ወደ ዳሌው ቁልቁል ነው። ሲሄድ የሚያነክስ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ያንቺ ጅብ ጀርባው ሜዳ ነው፤ ማዕድ ቤት በር ላይ የሚቆም የቤት እንስሳ ሆኗል። ትከሻው 32ኛው ረድፍ ላይ ቢደርስ ዳሌው 24ኛው ላይ ይቅር። በመሐሉ 16 ዓይን ካለሽ፣ በየሁለቱ ዓይን አንድ ረድፍ ዝቅ እያልሽ ትወርጃለሽ። አንገቱን ወፍራም አድርጊው፤ ከራሱ እኩል ቢወፍር አይበዛበትም። ጅራቱ አጭር፣ ጫፉ ጥቁር ይሁን።

ፊቱን በተመለከተ፣ በጎን ብቻ ሳዪው። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ከሓዲው፣ ጨካኙ፣ ሰይጣኑ በጎን በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። እዚህ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ያየ ሰው ይህን ሳይነግሩት ይረዳዋል። እመት ጦጢት ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ አያ ጅቦ በጎን በአንድ ዓይን። የሚሠራውም ይቀልላል፤ ዓይኑ ሦስት ነጥብ ነው፣ አለቀ።

---

ተረት ወዳድ (ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ) | ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ ጆሮውና ስለ ጀርባው የተባለው ድንቅ ነው። የአንድ ዓይኑን ነገር ግን አልቀበልም።

አያ ጅቦ መቼ ክፉ ሆኖ ያውቃል? ሆዳም ነው፤ ተላላ ነው፤ ማንም የነገረውን ያምናል። በተረቱ ሁሉ መጨረሻ የሚሸነፈው እሱ፣ የሚደበደበው እሱ፣ ጾሙን የሚያድረው እሱ ነው። እመት ጦጢት ትዋሻለች፣ ታታልላለች፣ የሰው ቀንበር ለሌላ ታሸክማለች፤ እሷ ሁለት ዓይን ተሰጥቷት እሱ አንድ ይቅርበት? ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው!

ዕድሜ ልኬን ያስተማርሁት ሕፃናትን ነው። ልጆች ጅብን ይፈራሉ፤ አያ ጅቦን ግን ይስቁበታል። ሌሊት የሚጮኸውን ፍርሃት ቀን በተረት ሲስቁበት ይቀልላቸዋል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ያን ሁሉ ዓመት በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ከፊታቸው የሚቀመጠው ልጅ ሲስቅ እንጂ ሲሸበር አይታይም ነበር። በአንድ ዓይኑ አጮልቆ የሚያይ ጅብ የሚታቀፍ ብርድ ልብስ ላይ ብታስቀምጡ፣ ከልጆቹ አንዱ ያንን ማዕዘን ወደ ሌላው መግፋቱ አይቀርም። ከዚያ ጠብ ነው።

---

ብሩሽና ቀለም | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡15

ጋሼ፣ ሆዳምነትም እኮ ከኃጢአት ይቆጠራል።

---

ደንገል | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡40

78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ እንኳ በጥርኝ ውሃ ድኗል። አያ ጅቦ አንዲት ዓይን ቢጨመርለት ምን አለበት?

---

ተረት ወዳድ | ማክሰኞ ከቀኑ 8፡05

ተባረክ ልጄ!

---

ብሩሽና ቀለም | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡20

እሺ፣ ተሸነፍሁ። ግን ጅቡ ፊት ለፊት ከቆመ ያ ቁልቁል ጀርባው አይታይም፤ ጀርባው ካልታየ ደግሞ ድብ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መሐሉን እንያዝ። ገላው በጎን ይቁም፣ ራሱ ብቻ ወደ እኛ ይዙር። አንድ ሰው ስሙን ጠርቶት ዞር ያለ ይመስላል። ሁለቱም ክብ ጆሮዎች ይታያሉ፣ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፣ ጀርባውም ቁልቁለቱን ይዞ ይቀራል። ራሱን 13 ዓይን ስፋት ስጪው። አፍንጫውን ከታች መሐሉ ላይ 5 ዓይን በ3 ረድፍ ጥቁር አድርጊ። ዓይኖቹን አራርቂያቸው፤ የተቀራረበ ዓይን ተንኮለኛ ያስመስላል፣ የተራራቀ ግን የዋህ ያደርጋል። ጋሼ ተረት ወዳድ የሚፈልጉት የዋሁን ይመስለኛል።

---

ልቃቂት | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡00

ዞሮ የሚያየው ይሁን! ወረቀቱን አዲስ አሰመርሁ፣ 6 በ5። ንድፉን ብቻ አይታ እናቴ «ይሄ ጅብ ምን ሊበላ ነው የሚዞረው?» አለችኝ።

አሁን የቀረኝ የክሩ ጉዳይ ነው። የክር ነገር፣ የት ገባሽ?

---

የክር ነገር (ባሕር ዳር) | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡45

አለሁ። ትናንት ገበያ ነበርሁ።

ከጀርባ ያለው ትብትብ የሚመጣው ጥቁሩን ክር ከአንዱ ነጠብጣብ ወደ ሌላው በአየር ላይ ስታሻግሪው ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ ይህ ምንም አይደል። ለሕፃን ግን አይሆንም፤ የላላው ክር ጣታቸውን ይይዛል፣ ሲጎትቱትም ፊቱን ያጨማድደዋል።

አንዳንዱ ሰው የማይሠራበትን ክር በዓይኖቹ ውስጥ ደብቆ ይዞት ይሄዳል። ለትንሽ ቦታ ጥሩ ነው። ሙሉ ካሬ በዚህ መንገድ ሲሠራ ግን ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ከሌሎቹ ካሬዎችም መጠኑ ይለያል፤ በዚያ ላይ ጥቁሩ በገላው ቀለም ውስጥ ሾልኮ ይታያል፤ ጅቡ የቆሸሸ ይመስላል። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ገላ የሚሻለው ለየቦታው የራሱን ክር መስጠት ነው። ከጅቡ በስተቀኝ ላለው መደብ አንድ ጥቅል፣ ለገላው አንድ፣ በስተግራ ላለው መደብ ሌላ። በእግሮቹ መካከል የሚታየው መደብም የራሱን ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ልቃቂቱን በሙሉ አትሸከሚ፤ ጥቂት ጥቂት ክር ካርቶን ላይ ጠምጥመሽ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው፣ እየተንጠለጠለ ይጠብቅሻል።

ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ በተገላቢጦሹ በኩል ክሮቹን አንድ ጊዜ አጠላልፈሽ እለፊ። ካላጠላለፍሽ በገላውና በመደቡ መካከል ስንጥቅ ይቀራል፤ ብርሃን ላይ ስታነሺው ጅቡ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

ክር የሚለወጥበትን ቅጽበት ደግሞ ልብ በዪ። አዲሱ ቀለም የሚገባው አሮጌው ዓይን ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ሊያልቅ የመጨረሻው ስበት ሲቀረው ነው። ኪሮሹ ላይ ሁለቱ ቀለበቶች እንዳሉ አሮጌውን ክር ትተሽ በአዲሱ ክር ሳቢና አሳልፊ። ያኔ የሚቀጥለው ዓይን ከነአናቱ በአዲሱ ቀለም ይወጣል። ፎቶሽ ላይ የእግሮቹ ጠርዝ ግማሽ ሰማያዊ ግማሽ ቡናማ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጠብጣቡን ከናካቴው በኪሮሽ አትሥሪው። ገላውን በአንድ ቀለም ጨርሺና በኋላ በወፍራም መርፌ ጥልፍ አድርጊበት። ልክና ሥርዓት አትስጪው፤ ታፋው ላይ በዛ፣ አንገቱ ላይ ሳሳ ይበል። ዓይኑንም እንዲሁ በጥልፍ ሥሪው። ቁልፍ ሰፍቶ ዓይን የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፤ ለሕፃን በፍጹም! ይነቅሉና ይውጡታል።

---

ጀማሪዋ | ረቡዕ ከቀኑ 6፡30

የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅ። ወረቀቱን ከየት ወደ የት ነው የማነበው?

---

የክር ነገር | ረቡዕ ከቀኑ 6፡50

እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ከታች ትጀምሪያለሽ። በቀኝ እጅሽ የምትሠሪ ከሆነ 1ኛውን ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ ታነቢያለሽ፤ ሥራውን አዙረሽ 2ኛውን ከግራ ወደ ቀኝ። ጎዶሎው ቁጥር ሁሉ እንደ 1ኛው፣ ሙሉው ቁጥር እንደ 2ኛው። ያለቀውን ረድፍ በእርሳስ ሰርዢው፤ በራስሽ ትዝታ አትተማመኚ። ለ40 ዓይን 41 ሰንሰለት ጥለሽ ከኪሮሹ ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ላይ ትጀምሪያለሽ።

---

ደንገል | ረቡዕ ከቀኑ 9፡10

መደቡን ሰማያዊ ያደረግሽው ጣና ነው በሚል ከሆነ፣ ክረምት ላይ ወደ ሐይቁ ዳር ውረጂና እይው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የገበሬውን አፈር ይዘው ሲገቡ ጣና የሚሆነው ቡናማ ነው።

---

የዳንቴል እናት | ረቡዕ ከቀኑ 9፡35

እምቦጩንስ ረሳኸው? አረንጓዴ ይደረግበት እንጂ!

---

ልቃቂት | ረቡዕ ከምሽቱ 12፡40

እሱስ እውነት ነው፤ ግን ቡናማ ጅብ ቡናማ ሐይቅ ላይ ቢቆም ማን ያየዋል?

---

ብሩሽና ቀለም | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

ለዚህ ቀላል መላ አለ። የመረጥሻቸውን ክሮች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በስልክሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሺ። ፎቶው ላይ ሁለቱ ክሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ሥዕሉ ከሩቅ ይጠፋል፤ ቀለማቸው የቱንም ያህል ቢለያይ ማለት ነው። የአሁኑ ሰማያዊሽና ቡናማሽ እንደዚያ ይመስሉኛል፤ ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው። ጅቡ እውነተኛ መልኩም አሸዋማ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ገላውን አንጺው፣ መደቡን እንደ ጠቆረ ተዪው። ያኔ ሌሊትም ይሆንልሻል፣ ጣናም ይሆንልሻል።

የእመት ጦጢትን ካሬ ለያዘችውም አንድ ቃል። የዘጌ ጦጣ ፊቷ ጥቁር ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጭ ጠጉር ከቦታል። ጥቁሩን ፊት በነጭ ክር ብትከብበው ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ የለባትም። ከሁሉ የቀለለ ሥራ የደረሳት እሷ ናት።

---

ተረት ወዳድ | ኀሙስ ከጠዋቱ 3፡15

ከጅቡ እግር ሥር ባዶ ቦታ አለ ብለሽ ከሆነ አንድ ሐሳብ አለኝ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? ከሥሩ ቁርበት አንጥፊለት! አስተማሪዋም ልጆቹን «ለምን ቁርበት ላይ ቆመ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ አንድ ካሬ ሁለት ተረት ይሆናል።

---

ልቃቂት | ኀሙስ ከጠዋቱ 3፡50

ጋሼ! ይህንስ ማን ያስበው ነበር! ከታች 6 ረድፍ ቀይ ዳማ ቁርበት፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ያለ። ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

ስለ ክሩ ዓይነት ግን ሐሳብ አልሰጣችሁኝም። እስካሁን የሠራሁበት ከገበያ የገዛሁት ሰው ሠራሽ ሱፍ ነው። ግማሾቻችን በጥጥ፣ ግማሾቻችን በዚህ ብንሠራ ችግር አለው?

---

የክር ነገር | ኀሙስ ከቀኑ 7፡00

አለው። አትቀላቅሉ። ሲታጠብ ጥጡ ሰብሰብ ይላል፣ ሰው ሠራሹ እንዳለ ይቀራል፤ በሁለተኛው እጥበት ብርድ ልብሱ ያብጣል፣ ይንሻፈፋል። አንዱን ምረጡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለባሕር ዳር ሙቀት ጥጥ ነው። ላብ ይጠጣል፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ንድፉም ጥርት ብሎ ይወጣል። ክብደቱና ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሰው ሠራሹ ይቀልላል፣ ይረክሳል፣ ቀለም አይለቅም፤ ካውያ ከነካው ግን ቀልጦ ይተኛል፣ አይመለስም። ጥጥ ካላችሁ ደግሞ ቀዩንና ጥቁሩን ሳትሠሩበት ፈትኑት፦ ቁራጭ ክር አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ከቀላ ያ ክር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በእጅ የተፈተለውን ፈትል የሚያስብ ሰው ካለ፣ ለነጩ ቦታ ያምራል፤ አንዱ ብቻውን ግን በኪሮሹ ጫፍ ስለሚሰነጠቅ አክርራችሁና ደራርባችሁ ሥሩበት።

ክር ስትቆርጡ ጫፉን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት። በመርፌ በአንድ በኩል ሸጉጡት፣ ከዚያ አቅጣጫ ለውጣችሁ መልሱት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሸጎጠ ጫፍ በልጅ እጅ አንድ ሳምንት አይቆይም።

---

ልቃቂት | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡20

ዛሬ ተሰብስበን በጥጥ ተስማምተናል። አያ ጅቦም አለቀ፤ አዲሱን ፎቶ ከሥር እዩት። ቁርበቱ ላይ ቆሞ ዞር ብሏል፣ ጆሮው ክብ ነው፣ ነጠብጣቡ በጥልፍ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ምንም አላለም፤ አፉን ከፍቶ «አውውው» አለና እየሳቀ ሮጠ። እኔ ይበቃኛል።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ለማገጣጠም ዙሪያውን ጠርዝ ልሠራለት ስል ከላይና ከታች 40 ዓይን አለኝ፣ በጎን ግን 48 ረድፍ ነው። በየረድፉ አንድ ዓይን ባደርግ ጎኑ ተጨማደደ፤ የአበባ ቅጠል ሆነብኝ።

---

የሒሳብ መምህር | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡45

ከየስድስቱ ረድፍ አንዱን ይዝለሉ። 48 ለ6 ሲካፈል 8 ነው፤ 8 ሲዘለል 40 ይቀራል። አራቱም ጎን እኩል ይሆናል።

---

የክር ነገር | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡58

ማዕዘኑ ላይ በአንዱ ቀዳዳ ሦስት ዓይን አድርጊበት፤ አለበለዚያ ይጎብጣል። ሁላችሁም ጠርዙን በአንድ ዓይነት ክር ሥሩ። ከመገጣጠማችሁ በፊት እያንዳንዱን ካሬ አርጥባችሁ፣ 20 በ20 የተሰመረ ካርቶን ላይ በስፒል ወጥራችሁ አድርቁት። ትንሽ ያነሰውም ትንሽ የበዛውም እዚያ ላይ ይስማማል። ስፒሉ የማይዝግ ይሁን።

---

የዳንቴል እናት | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡10

ቁርበቱ አማረብሽ። ጅቡም ክፉ አይደለም። ገበሩን ግን አትርሱ፤ በዓይኔ ካላየሁት አላምናችሁም።

---

ብሩሽና ቀለም | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡25

ዓይኖቹን ትንሽ ብታራርቂያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ጀርባው ግን ልክ ነው፤ ጅብ ነው።

---

ጀማሪዋ | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡40

እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፤ ግሽ ዓባይ። ናሙና ሠርቼ ለካሁ፣ 19 በ23 ሆነልኝ። ያልተያዘ ባለታሪክ ካለ መግባት እችላለሁ?

---

ልቃቂት | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡52

ነይ እንጂ እህቴ! ትንሽ ታላያለሽ፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ኪሮሽ ሞክሪና እንደገና ለኪ። አህያ ቀርታለች። የሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንገናኛለን፣ ቦታውን በግል እጽፍልሻለሁ። ነጭ ክር አትግዢ፣ ተርፎናል።